ግማሽ ዙር በየገበያው

የተሳፈርንበት የጭነት መኪና፣ ኤንትሬው፣ ከአንጋጫ ወጥቶ ቁልቁለቱን እንደያዘ ዝናቡ ጀመረ። ቀኛዝማች ጠና የቡሽ ባርኔጣቸውን በጋቢናው መስኮት ብቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ና ግባ፤ ትበሰብሳለህ» ብለው ወደ ኋላ ተጣሩ። ሾፌሩም ለእሳቸው ብሎ ፍሬን ያዘ። እኔ ከኋላ ከተጫነው የገብስ ጆንያ ላይ ተነሥቼ ካፖርቴን ማራገፍ ጀመርኩ። በሆሳዕናው ክሊኒክ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ድሬሰር ነኝ፤ ለቀኛዝማችም ሁለት መንጋጋ ነቅዬላቸዋለሁ። ታዲያ ሌላ ማንን ይጠራሉ?

«አንተን አይደለም» አሉ። «ያንን ሰዓቴን የሠራልኝን ልጅ ነው።»

ያ ልጅ ከማል ነበር። ከጎኔ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ፣ በጨርቅ የጠቀለላትን የመሣሪያ ሳጥን ከዝናብ ለማስጣል በደረቱ ሸፍኗታል። ቀና ብሎ ቀኛዝማችን አየና ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ ብዙነህ ይግቡ፣ እኔ ዝናብ ለምጃለሁ አለ። ገብቶ ቢቀመጥ ኖሮ ተመችቶኝ እጠላው ነበር። እሱ ግን ቦታውን ለኔ ለቀቀ፤ ያውም ከልቡ። እኔም ንጹሕ አየር እወዳለሁ ብዬ ጆንያው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቀኛዝማች ሳቁና መስኮታቸውን ዘጉ። መኪናው ተነሣ፤ ንጹሑ አየርም ሁለታችንንም እስከ አጥንታችን አራሰን።

ሰው ቅናት ያቃጥላል ሲል እሰማለሁ። የኔው አያቃጥልም ነበር። በጥርስ መሐል እንደተሰነቀረ የሥጋ ጅማት ነበር፤ ሌላ ነገር እየሠራሁም ምላሴ ሄዶ ሄዶ እዚያው ነው። በስልሳ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ በሚያዝያ ወር ሰርክ ስለ ከማል ብቻ አስብ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከማል ከሁለት ዓመት በፊት በሆሳዕና ገበያ ዳር ብስክሌትና ፋኖስ የሚጠግን የሆመቾ ልጅ ነበር። በእግር እየተረገጠ የሚዞረው የክሊኒኩ የጥርስ መሰርሰሪያ ተሰበረና ዶክተሩ አስጠሩት። እስከ ምሳ ሠርቶ ጨረሰው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ቆይቶ እኔ የምሠራውን ያይ ጀመር፤ እንዲህ አድርጎ እንደገባ ቀረ።

ዶክተሩ ፈረንጅ ናቸው። አማርኛቸው «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «ትፋ» ከሚሉት ሦስት ቃላት አያልፍም። ከነዚያ የተረፈው ሁሉ በኔ አፍ ነው የሚያልፈው። የሳቸው ልዩ ሙያ የተጣመመ ጥርስ ማቃናት ነው። የልጁን ጥርስ በጄሶ ይገለብጡና በዚያ ላይ ላንቃውን የሚሸፍን ሮዝ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ከፕላስቲኩ የሚወጣ የሽቦ መቆንጠጫ መንጋጋውን ይዞ መሣሪያውን ያጸናዋል፤ ሌላ ቀጭን ሽቦ ደግሞ ጠማማውን ጥርስ ቀን ከሌት ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ጥርስ ሲታዘዝ ይሄዳል፤ ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። መቆንጠጫዋን በልኳ ለማጠፍ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከማል ሳምንት አየኝና አንዲት አጠፈ። ዶክተሩ የኔንና የሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሚስታቸውን ከቤት አስጠሩ፤ የሱን እንዲያዩ። እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትከሻው መታ መታ የሚደረገው ፈረስ ነው።

በዚያ ዝናብ ወደ ሾኔ የወሰደን የሰፊያ ጉዳይ ነው። ሰፊያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የሾኔዋ ነጋዴ የወይዘሮ መርየም ልጅ ናት። የላይኛው መንጋጋዋ ጠባብ ስለሆነ አፏን ስትገጥም አገጯ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ቆጮ የምታኝከው በአንድ ጎን ነው፤ እኩዮቿም እንደዚያ እያኘኩ ያሾፉባት ነበር። ዶክተሩ መንጋጋዋን የሚያሰፋ፣ መሐሉ ላይ ብሎን ያለው መሣሪያ ያስፈልጋታል አሉ። ከውጭ የሚመጣው ብሎን ደግሞ አልቋል፤ የታዘዘው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። እኔ እንግዲህ ትጠብቅ አልኩ። ከማል ወጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከብስክሌት ቸርኬ ሽቦ የሠራውን ብሎን አመጣ። ጥምዝ ጥርሱ የደቀቀ፣ ዝገት የማይነካው፣ ፕላስቲኩን ለሁለት ከፍሎ በመሐሉ የሚያልፍ፤ ዳዶውን በትንሽ ቁልፍ ግማሽ ዙር ሲያዞሩት ሁለቱን ክፋዮች በጸጉር ያህል ያራርቃል። ዶክተሩ በመነጽር አዩት፤ ለኩት፤ ደግመው ለኩት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ከማልን ተመለከቱት። እኔን እንደዚያ ዓይተውኝ አያውቁም።

በዚያው ሳምንት ከቤሩት ደብዳቤ መጣ። አንድ ሰው የጥርስ መሣሪያ ሥራ ለሁለት ዓመት እንዲማር ቦታ ተገኝቷል ይላል። አንድ ብቻ። ዶክተሩ ለኔ በግልጽ ነገሩኝ። የሰፊያ ነገር ከሠመረ የሚጻፈው የከማል ስም ነው፤ ካልሠመረ ግን ገና ልጅ ነው፣ የዘጠኝ ዓመት አገልግሎት ያለህ አንተ ትሄዳለህ አሉኝ። ይህንንም ለከማል ተርጉምለት አሉ። ተረጎምኩለት። እሱ ደስ ብሎት «ጋሼ፣ ማንም ቢሄድ አንድ አይደለንም?» አለኝ። አይደለንም።

መሣሪያውን ለሰፊያ ያጠለቅንላት ዕለት ወይዘሮ መርየም ልጄን ልጓም ልታስገቡባት ነው ወይ ብለው ተቆጥተው ነበር። ከማል አሳቃቸው። ዶክተሩ አንድ ነገር አጥብቀው ተናገሩ፤ ግማሽ ዙር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ጊዜ እንኳ እንዳይሆን። ጥርስ ቀስ ብሎ ሲሄድ አጥንት ይከተለዋል፤ ሲያጣድፉት ግን አጥንቱ ወደ ኋላ ይቀርና ጥርሱ ዘሞ ይነቃነቃል። እኔ ይህን ለከማል በአማርኛ አልኩ፤ ከማልም ለወይዘሮ መርየም በሀዲይኛ አላቸው። እሳቸው አማርኛ ይችላሉ፤ ግን የልጃቸውን ነገር በቋንቋቸው መስማት ፈለጉ። ከማል ቁልፉን በእጃቸው አስይዞ እንዴት እንደሚዞር አሳየና «በየገበያው» አላቸው።

ለሆመቾ ልጅ ገበያ ማለት ሳምንት ማለት ነው። ሰፈሩ ያለው አንድ ገበያ ነው፤ ከገበያ ገበያ ሰባት ቀን ነው፤ ልጅ ሲወለድም ይህን ያህል ገበያ ሆነው እየተባለ ይቆጠራል። ወይዘሮ መርየም ግን በርበሬና ጨው ጭነው የሚዞሩ ነጋዴ ናቸው። እኔ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ሆኜ፣ ሆሳዕና ተወልጄ፣ ሀዲይኛውን ከማንም ባልተናነሰ እየሰማሁ፣ ይህ አይጠፋኝም። ለሳቸው ሳምንት ውስጥ አራት ገበያ አለ። ከማል ስለ ሴትዮዋ ንግድ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። «በሳምንት አንድ ጊዜ ማለቱ ነው» ብል አምስት ቃል ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት።

አምስት ሳምንት አለፈ። በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም። የሾኔ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ልጅቷ ታማለች፣ ምግብ አትበላም ብሎ ለከማል ነገረው። ዶክተሩ ብዙ በሽተኛ ስለነበረባቸው እኛን ላኩን፤ እኔ አፏን እንዳይ፣ ከማል መሣሪያውን እንዲያይ። በዝናብ የተቀመጥኩበት ጆንያ ላይ ሆኜ ከማል ምን ሆና ይሆን ምን ሆና ይሆን ሲል፣ እኔ ምን እንደሆነች አውቅ ነበር። ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማስጠላት አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበረ ነው።

ሾኔ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ገበያው ቆሟል። ቀኛዝማች ጠና ወርደው ክርክር ወዳለባቸው ወደ ምክትል ወረዳው ግቢ ሲሄዱ ሰዎች ከጭቃው ወደ ጎን እየወጡ እጅ ነሷቸው። እኛ በርበሬ ተራ ገባን። ወይዘሮ መርየም ከማልን ሲያዩ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሱም፤ እጁን ይዘው ወደ ድንኳኑ ጓዳ ወሰዱት። ሰፊያ ጆንያ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ጎድጉዷል። ከንፈሯ ተገጥሟል፤ ጥርሶቿ ግን እንዳልተገጠሙ ከፊቷ ያስታውቃል።

ክፈቺ አልኳት። ከፈተች።

ብዙ አፍ አይቻለሁ። መሣሪያው መሐሉ እንደ በር ተከፍቷል፤ በአምስት ሳምንት አንድ ጥሬ ማሾ እንኳ በማያሳልፍ ስንጥቅ ፈንታ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የጎን ጥርሶቿ ወደ ጉንጯ ዘመዋል። ድዷ በመቆንጠጫው ሥር አብጦ ቀልቷል። በግራ በኩል ያለችውን አንዲት ጥርስ በጣቴ ነካ ሳደርጋት ተንቀሳቀሰች፤ ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች እንጂ አልጮኸችም። ዝጊ ስላት የኋላ ጥርሶቿ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው የፊቶቹ ተራርቀው ቀሩ። በዚያ አፍ ቆጮ ቀርቶ አጥሚትም በሰላም አይጠጣም።

ደስታዬን ፈለግሁት። እስከ አሁን ድረስ በኪሴ የያዝኩት ይመስለኝ ነበር፤ ስፈልገው አጣሁት።

ከማል ተንበርክኮ አየ። ቁልፉን ተቀብሎ የዞረውን ያህል በጣቱ ቆጠረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናቴ፣ ስንት ጊዜ ነው ያዞርሽው?»

«ገበያ በዋለ ቁጥር» አሉ ወይዘሮ መርየም። «ሾኔ፣ ዱራሜ፣ ደምቦያ፣ አንጋጫ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። እያለቀሰች ይዣት አዞርኩ። ጥርስሽ የሚቀናው ስታመሚ ነው እያልኩ።»

«በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር።»

«ሳምንት መች አልክ? በየገበያው አልክ።»

ከማል ያለውን ቃል ያን ጊዜ ነው የሰማው። ሆመቾና ሾኔ በአፉ ውስጥ ተጋጩ። እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው እያለ በሀዲይኛ ደጋገመ። ሴትዮዋ ግን ሰው ሲሳሳት አይተው የሚያልፉ አይደሉም፤ ነገሩን እስከ ሥሩ የሚያወጡ ናቸው። በአማርኛ፣ እኔም ከማልም እንድንሰማ አድርገው ቀጠሉ።

«እኔ ደግሞ እንዳልሳሳት ይህን ትልቁን ሐኪም ጠየቅኩ። አንተ ሳጥንህን ስትዘጋ። በአራቱም ገበያ ነው ወይ? አልኩት። እሱ ራሱን ነቀነቀልኝ። አዎ አለኝ ብዬ ሄድኩ።»

እውነት ነው። ዝም ብቻ አላልኩም ነበር። በር ላይ ደርሰው ወደኔ ዞረው፣ አራት ጣታቸውን አንሥተው ጠየቁኝ፤ እኔም ነቀነቅሁ። ይህን አምስት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ደብቄው ነበር። ዝም አልኩ፣ ዝም አልኩ ብዬ ስለደጋገምኩት፣ የዝም ማለትን ኃጢአት ይዤ የመነቅነቁን ቀብሬዋለሁ።

ከማል ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ሰዓት የሚጠግን ሰው የተሰበረውን ክፍል ፈልጎ ሲያገኘው የሚያየው አስተያየት ነው። ይሰድበኛል፣ አንገቴን ያንቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ወደ ልጅቷ ተመልሶ መሣሪያውን ከአፏ አወጣ። ፒንሳውን አነሣ። ሊሰብረው ነው።

«ተው» አልኩ።

ድምፄ ለኔም እንግዳ ሆነብኝ። ከአፏ ጨርሶ ካወጣነው የተገፉት ጥርሶች እያንዳንዳቸው በፈለጉት በኩል ይመለሳሉ፤ የምትንቀሳቀሰዋም መጠጊያ ታጣለች አልኩት። ብሎኑን ወደ ኋላ መልሰን፣ ጥርሶቹ አሁን ካሉበት በጥቂቱ አጥብበን፣ እናስቀምጠው። ከዚያ ዳዶውን በሽቦ እንሰረው፤ እኛ ካልፈታነው ማንም እንዳያዞረው። በየሳምንቱ እኛው ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እንመልሰዋለን፤ ተጣድፎ የወጣው ቀስ ብሎ ይግባ። ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱ የተሻለ ነገር ለማሰብ ስታገል ያልመጣልኝ፣ እሱን ማሸነፍ በረሳሁባት በዚያች ቅጽበት መጣ።

ከማል ፒንሳውን ለኔ ዘረጋልኝ። እኔ መቆንጠጫዎቹን እንደገና አጠፍኩ፤ እሱ ብሎኑን መለሰ፤ ዳዶው ዙሪያ ሽቦ ጠምጥሞ ጫፉን በሞረድ አለሰለሰ። ጣቶቻችን በአንዲት የሎሚ ፍሬ በምታህል መሣሪያ ላይ ይነካኩ ነበር። መልሰን ስናጠልቅላት ሰፊያ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ ሕመሙ ሳይመጣ ሲቀር አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች። እናቷን አየች፤ ቀጥሎም ከማልን። እኔን አላየችኝም፤ ልክ ናት።

ወይዘሮ መርየም በርበሬያቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው በማግስቱ ከልጃቸው ጋር አብረውን ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ከማል ከጆንያው ማዶ፣ እኔ ከጆንያው ወዲህ ነበርን። ዝናብ አልነበረም። ዝናብ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ሲዘንብበት ዝም ቢል ያምርበታል። አንዴ ብቻ፣ ዱራሜ ላይ ሾፌሩ ውሃ ሲጨምር፣ ቀረብ ብዬ ከማል ብዬ ጠራሁት። «አቤት ጋሼ» አለ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ አክብሮቱ ሳይጎድል። ምን ልል እንደነበር ጠፋኝ፤ ውሃ ትጠጣለህ ወይ አልኩት። አልጠማኝም አለ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ዶክተሩ ሰፊያን ወንበር ላይ አስቀምጠው ብዙ ጊዜ አዩአት። የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር እኔና ከማል እንደ ተከሳሽ ቆመናል፤ እናትየው በሩ አጠገብ። የምትንቀሳቀሰውን ጥርስ ነክተው ራሳቸውን ወዘወዙ። ልትድን ትችላለች፣ ተስፋ ግን አልሰጥም አሉ። የታሰረውን ዳዶ ሲያዩ ቆም አሉና ይህ የማን ሐሳብ ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን ለከማል ተረጎምኩለት። «የጋሼ ነው በሏቸው» አለ። አልኳቸው። ልጅቷን ያተረፋት ይህ ነው አሉ፤ ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ጠየቁ።

ከማል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«እንዲህ በሉልኝ። በሳምንት የተባለውን በየገበያው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። የሰው አገር ገበያ እንደኔ አገር መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ጨረስኩ።»

«ጨረስኩ» ያላት ቃል ለዶክተሩ አልነበረችም፤ ለኔ ነበረች። ከዚህ አልጨምርም ማለቱ ነው። ከአንድ ሰው አፍ ወደ ሌላው ጆሮ የሚሄድ ነገር ሁሉ በኔ በኩል እንደሚያልፍ እያወቀ፣ ቢጨምር ልቆርጠው እንደምችል እያወቀ፣ እሱ ራሱ ቆረጠልኝ። ጥፋቱን ብቻውን ሊሸከመው ነው። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ከ«ጨረስኩ» በስተቀር።

ዶክተሩ ተነፈሱ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የቤሩቱን ደብዳቤ ሳቡ፤ ብዕር አነሡ። እንግዲህ የምትሄደው አንተ ነህ አሉኝ፣ ስምህን የአባትህን ጨምረህ ንገረኝ።

«ምን አሉ?» አለ ከማል።

ክፍሉ ውስጥ የተባለውን የሚያውቅ ከኔ በቀር ማንም የለም። ሰፊያ ወንበሩ ላይ ሆና አፏን በመዳፏ ይዛለች። ወይዘሮ መርየም እኔን ያዩኛል፤ ያን ቀን አራት ጣታቸውን አንሥተው እንደጠየቁኝ ነው የሚያዩኝ። የሚያስፈልገኝ የአባቴን ስም መጥራት ብቻ ነበር። የአባቴን ስም መጥራት እንዲህ ከባድ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል።

በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ከማል «በየገበያው» ሲላቸው ሰምቼ ነበር አልኩ። ገበያዎቹ አራት እንደሆኑ አውቅ ነበር፤ ሴትዮዋ ጠየቁኝ፣ እኔም አዎ ብዬ ነቀነቅሁ። ዶክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። አልጮኹም፤ አንዲት ቃል ብቻ ጠየቁኝ፤ ለምን?

ቃሉን በእንግሊዝኛ አውቀው ነበር፤ አንብቤዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። ስለ ድድና ስለ ሥር፣ ስለ ነርቭና ስለ ማደንዘዣ ዘጠኝ ዓመት የተረጎመ አፌ አንዲት ቃል ከየትም ማምጣት አቃተው። በመጨረሻ የወጣልኝ በአማርኛ ነው።

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

ዶክተሩ አልገባቸውም። ከማል ግን ገባው። እስከዚያ ድረስ ምን እንደተባለ ሳይረዳ ካንዳችን ወደ ሌላችን ሲያይ የነበረው ልጅ፣ ያቺ ብቻዋን የደረሰችው ቃል ምን እንደጎተተች ተረዳ፤ ዓይኑን ከኔ አንሥቶ መሬት አየ። ዶክተሩ ምን አልክ ብለው ጠበቁኝ። አልተረጎምኩላቸውም። ከኔ በላይ የሚያምር መቆንጠጫ ስለሚያጥፍ፣ ሚስትዎን የጠሩት ለሱ ስለነበረ፣ ዝናብ ላይ ቦታ ስለለቀቀልኝ ብዬ ልተርክላቸው እችል ነበር፤ ይህን ሁሉ የምትይዘዋን ቃል ግን የሰጠሁት ለሚገባው ሰው ነው።

ዶክተሩ ደብዳቤውን አዙረው ራሳቸው ጻፉበት። ምን እንደጻፉ ከቆምኩበት አነበብኩ፤ የሳቸውን ጽሕፈት ተገልብጦም አነባለሁ። ከዚያ ብዕሩን ወደ ከማል ጠቁመው ንገረው አሉኝ።

ወደ እሱ ዞርኩ። አንዲት ቃል አላጎደልኩም፤ አንዲትም አልጨመርኩም።

«ቤሩት የምትሄደው አንተ ነህ» አልኩት።

እየነገርኩትም ቀናሁበት።